አልጋ ሳትይዙ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ስትገቡ ማደሪያ እንዴት ታገኛላችሁ?

ስልኬ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ነገ ድሬ እገባለሁ፣ አልጋ አልያዝኩም፣ ምን ላድርግ?» የሚል። ጠያቂው አንዳንዴ ከጅቡቲ የሚመጣ ነጋዴ ነው። አንዳንዴ ከካናዳ ለእረፍት የመጣች የአክስት ልጅ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባቡር የተሳፈረ የጓደኛ ጓደኛ። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንዴ በደንብ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አይዟችሁ። በአብዛኛው ቀን ድሬም ሆነ ሐረር አልጋ አይጠፋም። ብዙዎቹ ፔንሲዮኖች ኢንተርኔት ላይ የሉም፤ በእግር ዞሮ በር አንኳኩቶ ነው የሚገኙት። ሰው የሚቸገረው መሽቶበትና ደክሞት፣ ያገኘው የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ሳያይ ዘው ሲል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያግዛችሁ ሁለት ነገር ለማድረግ ነው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ መድረስና ሳትከፍሉ ክፍሉን በዓይናችሁ ማየት።

የምትይዙት ዕቃ

- መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ዋናውን። ሪሴፕሽን ላይ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከውጭ የምትመጡ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ዋናው ቢጠፋ መነሻ ይሆናችኋል።
- ቢያንስ የሁለት ሌሊት የሚበቃ ጥሬ ብር። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አይሠራም። ዶላር ይዞ ማታ መንዛሪ መፈለግ ደግሞ ለአጭበርባሪ መጋለጥ ነው።
- የሚሠራ የአገር ውስጥ ሲም ካርድና የተሞላ ፓወር ባንክ።
- ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ። የአንዳንዱ ርካሽ ክፍል በር በውጭ በኩል የሚቆለፈው በጓጉንቸር ነው። የቤቱ ጓጉንቸር መለዋወጫ ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። የራሳችሁ ከሆነ እናንተ ጋ ብቻ ነው ያለው።
- ሽርጥ ወይም ነጠላ። አንሶላው ካላማራችሁ ትደርቡበታላችሁ። ድሬ ሙቀት ላይ ከብርድ ልብስ ይልቅ እሱ ይሻላል።
- የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ።
- ሐረር የምታድሩ ከሆነ ሹራብ። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል።

1. መጀመሪያ ቀኑን እዩ

ይህን ከሁሉም በፊት ያስቀመጥኩት የቀረው ሁሉ በዚህ ስለሚወሰን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነው። በሁለቱ ቀኖች አካባቢ ድሬም ሐረርም በመንገድ ያሉት ከተሞችም በምእመን ይሞላሉ። ዋጋም ይጨምራል። የረመዳን ጾም አልቆ የሸዋል 6 ቀን ጾም ሲፈታ ሐረር ላይ ሹዋሊድ ይከበራል። ያን ጊዜ ደግሞ ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጅቡቲ እንደ እሳት ስትሆን ብዙ የጅቡቲ ቤተሰብ ወደኛ ይመጣል። ስለዚህ ኤሲ ያላቸው ክፍሎች ቶሎ ያልቃሉ።

አንድ ዓመት እኔው ራሴ፣ አገሬን አውቃለሁ ብዬ፣ ታኅሣሥ 18 ማታ ሁለት እንግዶች ይዤ ሐረር ገባሁ። ዘጠኝ በር አንኳኳን። ዘጠኙም ጋ «ሞልቷል አቦ» ነው መልሱ። በመጨረሻ አንዲት እናት ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ አነጠፉልን። ደግ ሰው ስላገኘን እንጂ ውጭ ማደራችን ነበር። እነዚህ ቀኖች ላይ የምትመጡ ከሆነ ይህን መመሪያ ተዉትና ቀድማችሁ ደውሉ፣ አልጋ ያዙ።

2. ድሬ ወይስ ሐረር? ከመሳፈራችሁ በፊት ወስኑ

በሁለቱ መካከል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያደርሳል፤ ግን ሲሞላ ነው የሚነሳው። ከመሸ በኋላ ተሳፋሪ ስለሚያንስ መጠበቁ ይረዝማል። የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ በጨለማ የሚመረጥ አይደለም። ስለዚህ «ድሬ ካጣሁ ሐረር እሄዳለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ቀን ብቻ ነው።

ሙቀት የማትችሉ፣ ልጅ ወይም አረጋዊ የያዛችሁ፣ ሐረር ይሻላችኋል። በማግስቱ ጠዋት በረራ ወይም ባቡር ካላችሁ ድሬ እደሩ። ኤርፖርቱም የባቡር ጣቢያውም ያለው ድሬ ነው።

3. ከ11 ሰዓት በፊት ግቡ

እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። 11 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ በብርሃን ሦስት ቤት ለማየት ጊዜ አላችሁ። ከጨለመ በኋላ የሰፈሩን ሁኔታ ማየት አይቻልም፤ ባለቤቱም ምርጫ እንደሌላችሁ ያውቃል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሬ ላይ ቀትር ላይ ከተማው ያርፋል። ከ6 ሰዓት እስከ 9 እና 10 ሰዓት ብዙ በር ዝግ ነው፤ ባለቤቱም ሊተኛ ይችላል። ዝግ ነው ብላችሁ አትመለሱ። በቀስታ አንኳኩና ጠብቁ፤ ወይም አንድ ጥላ ሥር ሻይ ጠጡና 10 ሰዓት ላይ ጀምሩ።

ከውጭ የምትመጡት ደግሞ ሰዓት ስትቀጣጠሩ «በኢትዮጵያ ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። «2 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል» ሲባል ማታ 2 ሰዓት ነው፣ ማለትም በናንተ ሰዓት 8።

4. ከሆቴል በፊት ሰፈር ምረጡ

ጥሩ ሰፈር ውስጥ ከሆናችሁ አንዱ ቢሞላ ሌላው አጠገቡ አለ።

ድሬ ላይ ከዚራ ጥላ ያለው፣ በእግር ለመዞር የሚመች ሰፈር ነው። መጀመሪያ ለሚመጣ ሰው የምመክረው እሱን ነው። ሳቢያን ሰፋ ያለና አዳዲስ ሕንፃ የበዛበት ነው፤ መኪና ለያዘ ሰው ጥሩ ነው። መጋላ ወደ ገበያው ቀረብ ያለና ርካሽ ነው፤ ግን ጫጫታው ጠዋት በማለዳ ይጀምራል።

በባቡር የምትመጡ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። «ባቡር ጣቢያ አጠገብ አልጋ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የከተማው ሰው የሚያሳያችሁ ከዚራ ያለውን የድሮውን ለገሃር ነው። አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ለጠዋት ባቡር ብሎ ለገሃር አጠገብ አልጋ ይዞ ባቡር ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። የጠዋት ባቡር ካላችሁ ከዚራ እደሩ፤ የባጃጁን ወይም የታክሲውን ነገር ግን ከማታው ጨርሱ።

ሐረር ላይ ምርጫው ሁለት ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ከሆናችሁ መኪና በር ድረስ ይገባል፤ ፔንሲዮኑም ብዙ ነው። ጀጎል ውስጥ ከሆነ የአደሬ ቤት፣ ማለትም የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ውስጥ የማደር ዕድል ታገኛላችሁ። ጫማ በር ላይ አውልቃችሁ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ያጌጠ ሳሎን ውስጥ ትቀመጣላችሁ። እንዲህ ያለ ቤት ግን ክፍሉ ጥቂት ነው፤ ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ባጃጅ አይደርስም፤ ሻንጣ ተሸክሞ መግባት አለ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የሱብሒ አዛን ያነቃችኋል።

5. ባጃጁን ወደ ሰፈር እንጂ ወደ ሆቴል ውሰደኝ አትበሉት

«ጥሩ አልጋ ቤት ውሰደኝ» ካላችሁት ኮሚሽን ወደሚከፍለው ቤት ሊወስዳችሁ ይችላል። ያ ኮሚሽን የሚጨመረው በናንተ ዋጋ ላይ ነው። ይልቅ «ከዚራ፣ ለገሃር ጋ አውርደኝ» ወይም ሐረር ላይ ከሆናችሁ «ፈረስ መጋላ» በሉ፤ ጀጎል መሀል ያለው አደባባይ ነው። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። መናኸሪያ ላይ ሻንጣችሁን ቀድሞ የሚያነሳ ልጅ ካለ በትሕትና «ሰው አለኝ» ብላችሁ ሻንጣችሁን መልሳችሁ ያዙ።

ባጃጅ ነጂው ወይም ባለሱቁ «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢላችሁ አትቀየሙ። የድሬና የሐረር ሰው ንግግር እንደዚያ ነው፤ ንቀት አይደለም። እናንተም በፈገግታ ከመለሳችሁ ግማሹ ችግር ተፈታ።

6. ሪሴፕሽን ላይ እነዚህን ጠይቁ

«አልጋ አለ? ለአዳር ነው» ብላችሁ ጀምሩ። «ለአዳር» የሚለው ቃል ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም «ሾርት ነው ወይስ አዳር?» የሚሉ ቤቶች አሉ። ሾርት የሚያከራይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል፤ አንሶላውም እንደዚያው ነው። ያን ጥያቄ ከሰማችሁ፣ በተለይ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ቀጥሎ፦
- ዋጋው ታክስን ይጨምራል? ትልልቅ ሆቴሎች 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ብዙ ጊዜም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ጠዋት ሒሳቡ ሲመጣ ከሚያስደነግጣችሁ አሁን ይታወቅ።
- ሻወሩ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ የጋራ?
- ለሁለት ሰው ዋጋው ይለያል? ቁርስ አለው?
- ማታ በር የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? ጠዋትስ የሚለቀቀው?
- መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ?

ወንድና ሴት አብራችሁ ከሆናችሁ ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚጠይቅ ቤት ሊያጋጥም ይችላል። ቀድማችሁ ንገሩ። ከገባችሁ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

7. ክፍሉን እዩ፤ እጃችሁን ሳትሰበስቡ እዩ

«ክፍሉን ልይ» ማለት ነውር አይደለም። ቁልፍ ይዞ የማያሳያችሁ ቤት ከሆነ ተዉት። ስትገቡ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. ውሃ። ቧንቧውን ክፈቱ፤ ዝም ብላችሁ አትመልከቱት። እስከ ደቂቃ ድረስ ይፍሰስ። መጀመሪያ የሚወጣው ቱቦው ውስጥ የቆየው ሊሆን ይችላል። ሐረር የውሃ ችግር ያለባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ «ሮቶ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሮቶ ያለው ቤት የከተማው ውሃ ቢጠፋም ሌሊቱን ያሳልፋችኋል። ሻወር ውስጥ የተሞላ በርሜልና ጆግ ካያችሁ ውሃ በየጊዜው እንደሚጠፋ እወቁ። ይህ መጥፎ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ አስቦበታል ማለት ነው። ባዶ በርሜል ግን ያሳስባል። የሽንት ቤቱንም ውሃ ለቃችሁ ሞክሩ።

ለ. ሙቀት። ይህ የድሬ ዋና ጉዳይ ነው። ቬንቲሌተሩን አስነሱና ሁሉንም ፍጥነት ሞክሩ። ኤሲ ካለ አብሩትና ቀዝቃዛ አየር እስኪወጣ ጠብቁ። መንፋትና ማቀዝቀዝ አንድ አይደለም። ከዚያ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት በላያችሁ ይተፋዋል። ፎቅ ከሆነ ከላይኛው ይልቅ ታችኛው ወይም መካከለኛው ይሻላል። ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። 11 ሰዓት ላይ መዳፋችሁን ለጥፉበት። እንደ ምጣድ ከሞቀ ሌላ ክፍል ጠይቁ። እኔ ለእንግዶቼ አልጋ ስፈልግ ከምንም በፊት የማደርገው ይህን ነው። ባለቤቶቹ ይገረማሉ፤ ግን የተሻለውን ክፍል ያወጡልኛል።

ሐ. ትንኝ። ድሬ ላይ ወባም ደንጊም አለ። የወባ ትንኝ ሌሊት ትነክሳለች፤ የደንጊዋ ግን ቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም፣ ቅባትም ያስፈልጋል። አጎበሩን ዘርጉና ቀዳዳ እዩ። የመስኮቱ ወንፊት የተቀደደ ከሆነ ወይም መስኮቱ የማይዘጋ ከሆነ ክፍሉን አትውሰዱ። ሻወር ቤት ውስጥ ክዳን የሌለው የቆየ ውሃ ካለ እንዲደፋ ጠይቁ። ትንኝ የምትራባው እዚያ ነው።

መ. ፍራሽ። የፍራሹን ጥግ አንሱና ስፌቱን በስልክ ባትሪ እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው። ሻንጣችሁንም አልጋው ላይ አታስቀምጡ፤ ቤታችሁ ድረስ ይከተላችኋል። አንሶላው ንጹሕ ካልመሰላችሁ «ቀይሩልን» በሉ፤ ሲቀየርም ቆማችሁ እዩ።

ሠ. በር። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው? ቁልፉ ይዞራል? ሶኬቱ ላይ ስልካችሁን ሰክታችሁ መሙላቱን እዩ። መስኮቱ በመንገድ በኩል ከሆነና ምድር ቤት ከሆነ ሌሊት ክፍት አድርጋችሁ መተኛት አትችሉም። ያ ማለት ድሬ ላይ ሙቀቱን ችላችሁ ማደር ነው።

8. ሦስት እዩ፣ ተደራደሩ፣ ክፈሉ

ሁለት ወይም ሦስት ቤት ካያችሁ የሰፈሩ ዋጋ ይገባችኋል። ከዚያ «ሁለት ሌሊት ብንቆይ ስንት ታደርጉልናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋውን ቀንሱ ከማለት ይህ ይሻላል፤ ለባለቤቱም ጥቅም አለው። ሆኖም መጀመሪያ የአንድ ሌሊት ብቻ ክፈሉ። ክፍሉ ሌሊት ምን እንደሚመስል ጠዋት ነው የሚታወቀው። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ቢያንስ መዝገቡ ላይ የክፍሉ ቁጥርና የከፈላችሁት መጻፉን እዩ። ሠራተኛ ሲቀያየር «አልተከፈለም» የሚባለው ያልተጻፈው ነው።

9. ከገባችሁ በኋላ

የቤቱን ስምና የምልክት ቦታውን ለዘመድ በመልእክት ላኩ። ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ከበሩ እስከ ፈረስ መጋላ ያለውን መንገድ ገና በብርሃን አንዴ ሂዱበት። ከ300 በላይ ጠባብ መንገድ ነው ያለው፤ ማታ ሁሉም ይመሳሰላል። ማታ ጅብ ሲቀለብ ለማየት ከወጣችሁ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ተመለሱ። ጅቦቹ ሌሊት መንገድ ላይም ይታያሉ። አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ።

ሁሉም ቦታ ሞልቶ ከሆነ

ሪሴፕሽን ላይ ያለውን ሰው «ሌላ ቦታ ደውልልን» በሉት። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ እናንተ ከምትዞሩት አንድ ስልክ ይበልጣል። እንደገና 2 ሰዓት ማታ ላይ ጠይቁ፤ ቀጠሮ ይዞ ያልመጣ ሰው አይጠፋም። ቀን ከሆነ ሐረማያን ሞክሩ፤ በድሬና በሐረር መካከል ነው። ትልልቅ ሆቴሎችን ዋጋቸውን ፈርታችሁ ሳትጠይቁ አትለፉ። ለአንድ ሌሊት ከበረንዳ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

ክረምት ላይ ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዳር አትደሩ፤ ደረቁ አሸዋ ላይም መኪና አታሳድሩ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይዘንብ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ፓስፖርታችሁን ሪሴፕሽን ላይ አታሳድሩ። ይመዝግቡት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ከዚያ ተቀበሉ።

ብቻሽን የምትጓዥ ሴት ከሆንሽ፣ ከታች መጠጥ ቤት ያለበትን ፔንሲዮን ዝለይው። ሙዚቃው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ደረጃው ላይ የሚቆመው ሰው ነው። የክፍል ቁጥርሽ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ከተጠራ ሌላ ክፍል ጠይቂ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ሻንጣውን ተሸክሞ መዞር። የያዛችሁት ዕቃ ከባድ ከሆነ አንዱ ካፌ ቁጭ ይበል፣ ሌላው ይዙር። ላብ በላብ ሆኖ የገባ ሰው «ይሁን፣ ይበቃኛል» ማለቱ አይቀርም።
- ቦይለሩን ሳያበራ «ሙቅ ውሃ የለም» ማለት። ማብሪያው አንዳንዴ ከክፍሉ በር ውጭ ነው። 20 ደቂቃ ስጡት።
- ሐረር በሸሚዝ ብቻ መምጣት፤ ድሬ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ አይቶ ክፍሉን ማድነቅ።
- ካርታው ላይ ያየውን ስልክ ቁጥር ደውሎ ካልተነሳ «ተዘግቷል» ብሎ መተው። ቁጥሩ ይቀየራል፣ ቤቱ ግን እዚያው አለ። ሂዱና አንኳኩ።